ለሶፍትዌር በይነገጽ ንድፍ የተጠቃሚ ጥናትና የናሙና ዘዴ አመራረጥ

በሶፍትዌር በይነገጽ ንድፍ ጥናት ዘዴ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ለአጥኚው በሚቀለው መንገድ ነው፤ መጠይቅ ለመበተን ስለሚቀል ይበተናል፤ ናሙናም አጥኚው በለመደው ፕሮግራም ይሠራል። ይሁን እንጂ ምርጫውን ሊወስን የሚገባው ገና መልስ ያላገኘው ጥያቄ ነው።

ለእጅ ስልክ የአማርኛ መጻፊያ ሰሌዳ የሚነድፍ ተመራማሪ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። 33ቱ ዋና ፊደላት ከነ7 ቅርጾቻቸው 231 ስለሚሆኑ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ በጠባቡ ማያ ላይ መደርደር አያመችም። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎች በየተራ ይነሣሉ። አንደኛው፣ ሰዎች ዛሬ የሚጽፉት እንዴት ነው የሚል ሲሆን፣ ተጠቃሚው በቃል የሚናገረው ከሚያደርገው ሊለይ ስለሚችል ምልከታን ይሻል። ሁለተኛው፣ ካዕቡና ሣልሱ የት እንደሚገኝ ለተጠቃሚው ይገባዋልን የሚል ነው፤ ለዚህ በቀላሉ ተሠርቶ በቀላሉ የሚቀየር የወረቀት ናሙና ይበቃል። ሦስተኛው የአጻጻፍ ፍጥነትና ስሕተት ነው፤ ይህን ወረቀት ሊመልስ አይችልም፤ በጣት ተነክቶ ምላሽ የሚሰጥ ናሙና የግድ ያስፈልጋል።

ቴክኖሎጂው ገና ባልተሠራበት ጊዜም ጥያቄውን መፈተን ይቻላል። የአይቢኤም ተመራማሪ ጆን ጉልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ መሣሪያን ሥራ ከዕይታ የተሰወረ ታይፒስት እንዲተካ አድርገዋል። በዚህም መሣሪያው ከመሠራቱ በፊት፣ የሚያውቃቸው ቃላት ማነስና ቃላትን ነጥሎ የመናገር ግዴታ በተጠቃሚው ላይ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ መርምረዋል።

የተሳታፊዎች ቁጥርም እንደ ጥያቄው ይለያያል። ኒልሰንና ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ስሌት፣ አንድ ችግር በአንድ ተሳታፊ ላይ የመታየት ዕድሉ በአማካይ 31 በመቶ ከሆነ፣ 5 ተሳታፊዎች 84 በመቶ ያህሉን ችግሮች ያሳያሉ። ዕድሉ 10 በመቶ ብቻ ሲሆን ግን እነዚያው 5 ሰዎች የሚያሳዩት 41 በመቶ ያህሉን ነው። ስለዚህ 5 ተሳታፊ ንድፍን ደጋግሞ ለማረም ሊበቃ ይችላል፤ አንዱ ሰሌዳ ከሌላው ይፈጥናል ብሎ ለመደምደም ግን አይበቃም። በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱ ሲቀላቀሉ መደምደሚያው መሠረት ያጣል።

በመሆኑም በዘዴ ምዕራፍ ውስጥ እያንዳንዱ ዘዴ ከሚመልሰው ጥያቄ ጋር ሊጻፍ፣ ሊመልሰው የማይችለውም አብሮ ሊገለጽ ይገባል።