ፎቶ አንሺው በሶደሬ ምን ይሽጥ?

ከአዳማ (ናዝሬት) 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳርቻ የሚገኘው ሶደሬ በፍል ውኃውና በዋና ገንዳው የታወቀ መዝናኛ ነው። ቤተሰብ፣ ሙሽራና ተማሪ ለደስታ በሚሰበሰብበት እንዲህ ባለ ሥፍራ፣ በፊልም ዘመን የፎቶ አንሺው ሥራ ግልጽ ነበር። ባለ 36 ፊልም ይገዛል፣ ያነሣል፣ ያሳጥባል፣ በፎቶ ቁጥር ያስከፍላል። ዛሬ ግን ደንበኛው ካሜራውን በስልኩ ይዞ ይመጣል። ታዲያ ወደ ሙያው ለመግባት የሚያስብ ወጣት ወይም ፎቶ ቤት ለመክፈት ያቀደ ባለሀብት ምን የሚሸጠው ነገር ቀርቶታል?

የሄደውና የቀረው ገበያ

ደንበኛው ቀድሞ ይገዛ የነበረው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ፎቶ መነሣት፣ ሌላው ፎቶውን ማቆየት። ስልክ የወሰደው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው እንዲያውም ብሶበታል። ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ውኃ ሲገባበት የልጆቹ ፎቶ አብሮ ሊሄድ ይችላል። በአንጻሩ የአያቶች ጥቁርና ነጭ ፎቶ ዛሬም ከሣጥን ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ የተዘጋጀው የከተማዋ ነዋሪዎች በየቤታቸው ካቆዩአቸው ፎቶዎች ነው።

የድሮውን ዕቃ ብቻ ሙጥኝ ማለት ምን እንደሚያስከትል ኮዳክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1975 ዲጂታል ካሜራ የሠራው የራሱ መሐንዲስ ነበር፤ ኩባንያው ግን ከፊልም ገቢው በጊዜ ሳይላቀቅ ቆይቶ በጃንዋሪ 2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ስለዚህ የሶደሬው ፎቶ አንሺ ዋና ሸቀጥ ማቆየት ሊሆን ይገባል።

ሒሳቡ

ለምሳሌ ያህል ካሜራና ሌንስ 90,000 ብር ወጥቶባቸው በ3 ዓመት ያረጃሉ እንበል። የወሩ ድርሻ 2,500 ብር ነው። ገበያው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሆነና በወር 8 ቀን ከተሠራ፣ በእያንዳንዱ የሥራ ቀን 312 ብር ከ50 ሣንቲም ለካሜራው መተኪያ መቀመጥ አለበት። ወረቀትና ቀለም ብቻ ቆጥሮ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል እንጂ ካሜራውን እየበላ ነው።

የቦታው ጠባይ

የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓይንን ጥላ ያለብሳል፤ ነጭ ነጠላን ደግሞ ያነጣዋል። ጠዋትና ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ይመረጣል። ቀዝቀዝ ካለ ክፍል ወጥቶ በቀጥታ ወደ እንፋሎት የገባ ሌንስ ጤዛ ያዝላል፤ ካሜራው ከቦርሳው ሳይወጣ እስኪሞቅ መታገሥ ይገባል።

ማቆየት እንዴት ይሸጣል?

አንደኛ፣ ለደንበኛው መቶ ፎቶ በስልክ ከመላክ 20 መርጦ በጥሩ ወረቀት ማተም ይሻላል። ሁለተኛ፣ ከጀርባው የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በለስላሳ እርሳስ መጻፍ ነው። ስም የሌለው ፎቶ ከአንድ ትውልድ በኋላ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ፋይል በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይያዝ፤ አንዱም ቅጂ ከፎቶ ቤቱ ውጭ ይሁን። አራተኛ፣ ሙቀት፣ እርጥበትና ብርሃን የቀለም ፎቶን ያደበዝዛሉ፤ የሚጣበቅ ገጽ ያለው አልበምም ይጎዳዋል። በስምጥ ሸለቆ ሙቀት አልበም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳይሆን ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቁም ሣጥን መቀመጥ አለበት። የአያቶችን ፎቶ ተቀብሎ በስካነር ገልብጦ ማደስም ከቅዳሜና እሁድ ውጭ ያሉትን ቀናት የሚሞላ ሥራ ነው።

ሕጉ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንም ሆነ መሸጥን ይከለክላል። ስለዚህ የሙሽራዋን ፎቶ በመስኮት ለመስቀል አስቀድሞ ፈቃዷን በጽሑፍ መቀበል ያዋጣል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የፎቶግራፍ ሥራን ኢኮኖሚያዊ መብት ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። ፋይሉን ማን እንደሚይዝና ድጋሚ ቅጂ በስንት እንደሚታተም በደረሰኙ ላይ ይስፈር።

ከዚህ የምንረዳው የፎቶ ቤቱ ሀብት ካሜራው ብቻ አለመሆኑን ነው። ካሜራው በየዓመቱ ዋጋው ይወድቃል፤ በስምና በቀን የተደራጀ መዝገብ ግን ልጁ ሲያድግ፣ አያት ሲያርፉ፣ ደንበኛውን መልሶ ያመጣል። ገንዘብ ልታወጡበት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከካሜራው በፊት መዝገቡን ጠይቁ።