ወሰን የሚሻገር ቆሻሻና ሒሳቡ፤ ስለ መንግሥታት ኦዲተሮች ትብብር ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ዕቃ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ሲላክ ሁለት መዝገብ እንደሚያስፈልገው የንግድ ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ላኪው በወጪ መዝገቡ «አንድ መቶ ጆንያ ቦሎቄ ላክሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ተቀባዩም የደረሰውን ያህል በገቢ መዝገቡ ያሰፍራል። ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ተዘርግተው ቍጥራቸው ሲገጥም ሒሳቡ ተዘጋ ይባላል። ሳይገጥም ሲቀር ግን የጎደለው በመንገድ ላይ ቀርቶ እንደ ሆነ፥ ወይም መጀመሪያውኑ ሳይጫን ቀርቶ እንደ ሆነ ለማወቅ ሁለቱንም ወገን መጠየቅ ግድ ነው። የአንዱን መዝገብ ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው በግማሽ ምስክር እንደ ፈረደ ይቈጠራል።

ለተከበራችሁ አስመጪዎች፥ ላኪዎችና ባለሱቆች ዛሬ የማቀርበው ትምህርት ይህንኑ የምናውቀውን ሥርዓት የሚመለከት ነው። ልዩነቱ ግን የሚላከው ዕቃ ማንም የማይፈልገው አደገኛ ቆሻሻ መሆኑ ነው። የሚፈለግ ዕቃ ሲጎድል ባለቤቱ ይጮኻል፤ አደገኛ ቆሻሻ ሲጎድል ግን ላኪውም ተቀባዩም ዝም ይላሉ። ስለዚህ ለሕዝብ ብሎ የሚቈጥር ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ እርሱም የመንግሥት ኦዲተር ነው። ቆሻሻው ወሰን ተሻግሮ በሄደ ጊዜ ደግሞ የአንድ አገር ኦዲተር ብቻውን አይበቃም።

አደገኛ ቆሻሻ ምንድን ነው?

አደገኛ ቆሻሻ የሚባለው መርዝነት ያለው፥ በቀላሉ የሚቀጣጠል፥ የሚፈነዳ፥ ወይም ብረትንና ገላን የሚበላ ጥራጊ ነው። ከገበያችን ምሳሌ ብንወስድ ጊዜው ያለፈበት የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት፥ እርሳስና አሲድ ያለበት ያረጀ የመኪና ባትሪ፥ ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት፥ ከክሊኒክ የሚጣል መርፌ፥ የተበላሸ ኮምፒዩተርና ስልክ ከዚሁ ክፍል ይገባሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ትናንት በመደርደሪያችን ላይ በዋጋ የተቀመጡ ሸቀጦች ነበሩ። ሸቀጥ ወደ ቆሻሻነት የሚለወጠው ድምፅ ሳያሰማ በመሆኑ፥ የተለወጠበትን ቀን የሚያስታውሰው መዝገብ ብቻ ነው።

የአገራችን ምሳሌ

ለዚህ ነገር ሩቅ አገር ሄደን ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት በብዛት ተከማችቶባቸው ከነበሩት አገሮች አንዷ ነበረች። አንበጣንና ተምችን ለመከላከል ተብሎ ለብዙ ዓመታት መድኃኒት ሲገዛና በእርዳታ ሲገባ ቈየ። አንዳንዱ ከሚያስፈልገው በላይ መጣ፤ አንዳንዱ ተባዩ ካለፈ በኋላ ደረሰ፤ አንዳንዱም የተጻፈበት ወረቀት ተልጦ ወይም በባዕድ ቋንቋ ብቻ ተጽፎ ስለ ነበር ምንነቱ ሳይታወቅ ተቀመጠ። በርሜሎቹ ዝገው ማፍሰስ ጀመሩ። ከተከማቸውም መካከል ዲዲቲ፥ ሊንዴንና ማላታዮን ይገኙ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ቈጠራ ተደርጎ፥ ፍለጋውም እየቀጠለ በሄደ ጊዜ፥ በልዩ ልዩ ሥፍራ የተገኘው ሲደመር ወደ 3,000 ቶን ተጠጋ። ይህን መርዝ በደኅና የሚያቃጥል ምድጃ በአገራችን አልነበረም። ስለዚህ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አስተባባሪነት፥ የአሜሪካ፥ የስዊድንና የኔዘርላንድስ መንግሥታት ገንዘብ ረድተው፥ ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት 1,500 ቶን ያህሉ እንደ ገና ታሽጎና በመርከብ ተጭኖ ወደ ፊንላንድ ተላከ፤ ሪሂማኪ በተባለችው ከተማ በሚገኘው ፋብሪካም በከፍተኛ ሙቀት ተቃጠለ። በ2005 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን ክምችት ለማስወገድ የተጀመረው ፕሮግራም ኢትዮጵያን ከመጀመሪያዎቹ ሰባት አገሮች አንዷ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ።

ነጋዴ የሆነ ሁሉ ወጪውን ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን መድኃኒት ሰብስቦ፥ አሽጎ፥ አጓጕዞ ለማቃጠል በኪሎ ከ3 እስከ 5 የአሜሪካ ዶላር እንደሚፈጅ ይገመት ነበር። በዚህ ስሌት 3,000 ቶን ለማስወገድ ከ9 እስከ 15 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ተገዝቶ ያልሠራ ዕቃ እንዲጠፋ ደግሞ ሁለተኛ ዋጋ ተከፈለበት። የዚህም ዋናው ምክንያት ቀላል ነው፤ ምን ያህል እንደ ገባ፥ ምን ያህል እንደ ወጣና ምን ያህል እንደ ቀረ በአንድ ቦታ የተጻፈ መዝገብ አልነበረም።

ኦዲተሮቹ እንዴት ይተባበራሉ?

ከላይ የተነገረውን ጭነት እንመልከት። መድኃኒቱ የተሠራው በውጭ አገር ነው፤ የተከማቸው በኢትዮጵያ ነው፤ ባሕር የሌለው አገር ዕቃ በመሆኑ በሌላ አገር ወደብ ማለፍ አለበት፤ የተቃጠለው በፊንላንድ ነው። የኢትዮጵያ ኦዲተር መጋዘኑን ማየት ይችላል፤ ምድጃውን ግን አያይም። የፊንላንድ ኦዲተር ምድጃውን ያያል፤ በመጋዘኑ ስንት በርሜል እንደ ቀረ ግን አያውቅም። ሙሉው ሒሳብ የሚገኘው ሁለቱ ሲነጋገሩ ነው።

የመንግሥታት ዋና ኦዲተሮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ማኅበር ኢንቶሳይ ይባላል። በ1953 እ.ኤ.አ. የ34 አገሮች ኦዲተሮች በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና ተሰብስበው አቋቋሙት። በ1977 እ.ኤ.አ. በሊማ ባወጡት መግለጫም ኦዲተር ከሚመረምረው መሥሪያ ቤት ነጻ መሆን እንዳለበት ደነገጉ። በ1992 እ.ኤ.አ. የአካባቢ ጥበቃን ሥራ የሚመረምሩበት የሥራ ቡድን አቋቋሙ፤ ይህም ቡድን በ2004 እ.ኤ.አ. የመንግሥትን የቆሻሻ አያያዝ ለመመርመር የሚረዳ መምሪያ አወጣ። በ2020 እ.ኤ.አ. የቡድኑን ሰብሳቢነት የተረከበችው የእኛን መርዝ ያቃጠለችው ፊንላንድ መሆኗ ልብ ሊባል ይገባል። የአፍሪካ ኦዲተሮችም በ1976 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል።

የትብብሩ ሥራ በሦስት ዓይነት ይከፈላል።

አንደኛው የጋራ ኦዲት ነው፤ ከሁለት ወይም ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ኦዲተሮች አንድ ቡድን ሆነው መርምረው አንድ ሪፖርት ያወጣሉ።

ሁለተኛው ጎን ለጎን የሚደረግ ኦዲት ነው፤ እያንዳንዱ አገር በአንድ ጊዜ ስለ አንድ ነገር ለብቻው መርምሮ ሪፖርቱን ለራሱ ምክር ቤት ያቀርባል፤ ያገኙትን ግን ይለዋወጣሉ።

ሦስተኛው የተቀናጀ ኦዲት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ሪፖርት ካወጣ በኋላ ከሁሉም የተጠቃለለ አንድ ተጨማሪ ሪፖርት በጋራ ይወጣል።

በ2013 እ.ኤ.አ. ስምንት የአውሮፓ አገሮች ኦዲተሮች በዚህ በሦስተኛው መንገድ ስለ ወሰን ተሻጋሪ ቆሻሻ መርምረው ነበር። ሕጉ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ በአገር አገሩ የሚደረገው ፍተሻም ሆነ የሚጣለው ቅጣት የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ሌባ በሩ የላላውን ቤት እንደሚመርጥ ሁሉ፥ ቆሻሻ የሚደብቅ ሰውም ፍተሻው የላላበትን ወደብ ይመርጣል። እያንዳንዱ አገር ለብቻው ቢመረምር ኖሮ የራሱን በር እንጂ የጎረቤቱን በር ስለማያይ ይህ ልዩነት ጎልቶ አይታይም ነበር።

ሕጉና የአገራችን ዋና ኦዲተር

ኦዲተር የሚመዝነው በሕግ ሚዛን ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ከጣሊያን የመጣ መርዛም ቆሻሻ በናይጄሪያ ኮኮ በተባለች የወደብ ከተማ ተጥሎ በተገኘ ጊዜ አፍሪካ ነቃች። በ1989 እ.ኤ.አ. የባዝል ስምምነት ተፈረመ፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ጸና። በዚህ ስምምነት መሠረት አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር ከመጓዙ በፊት የላኪው፥ የመተላለፊያውና የተቀባዩ አገር ፈቃድ በጽሑፍ መገኘት አለበት። ከጭነቱ ጋር የሚሄድ ሰነድ አለ፤ የተረከበው ሁሉ ይፈርምበታል፤ አጥፊውም ሥራው ሲፈጸም ለላኪውና ለላኪው አገር ያስታውቃል። በ1991 እ.ኤ.አ. በባማኮ የተፈረመው የአፍሪካ ስምምነት ከዚህ አልፎ አደገኛ ቆሻሻ ከአህጉሩ ውጭ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ፈጽሞ ይከለክላል። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ተቀብላለች።

በአገር ውስጥም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፥ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 እና ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 101 የፌዴራል ዋና ኦዲተር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሾምና ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ያዝዛል። የዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ገንዘብ መጉደል አለመጉደሉን ብቻ አይመረምርም፤ ሥራው በሚገባ መሠራቱንም በክዋኔ ኦዲት ይመረምራል። በዚህ ጉዳይ የሚጠየቁት ጥያቄዎች አራት ናቸው፤ ሕግ አለ ወይ? ኀላፊው ማን ነው? ቆሻሻው የት የት እንዳለና ምን ያህል እንደ ሆነ ተቈጥሯል ወይ? በመዝገብ የተጻፈው በመጋዘን ካለው ጋር ይገጥማል ወይ?

ይህ ነገር ወላይታን እንዴት ይነካል?

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ነው፤ ለሶዶ ባለሱቅ ምኑ ነው?» ሊል ይችላል። የምድራችንን አቀማመጥ ቢመለከት ግን መልሱን ያገኛል። በምሥራቅ በኩል የብላቴ ወንዝ ወርዶ አባያ ሐይቅ ይገባል። በምዕራብ በኩል የኦሞ ወንዝ ወላይታንና ዳውሮን እየለየ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ የዚያም ሐይቅ አብዛኛው ክፍል በኬንያ ግዛት ውስጥ ነው። ስለዚህ በእኛ ቆላ ላይ የፈሰሰ መርዝ ያለ ፓስፖርት ወሰን ሊሻገር ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የንግዱ መለወጥ ነው። በ1962 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፥ ሕዝቡ ዋዱ ብሎ የሚጠራው፥ ለገበሬው ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ያቀርብ ነበር። ለተባይ የሚሆነውም መድኃኒት በዚያ ዘመን በአገሪቱ በብዛት በመንግሥት እጅ ነበር። ዛሬ ግን አስመጪው ነጋዴ ነው፤ አከፋፋዩም ነጋዴ ነው፤ ለገበሬው ፍሬውን የሚሸጠውም በሶዶ፥ በቦዲቲ፥ በአረካና በሁምቦ ያለው ባለሱቅ ነው። ያለፈው ክምችት በመንግሥት መጋዘን እንደ ተገኘ ሁሉ፥ የሚቀጥለው ክምችት ቢፈጠር በእኛ ጓሮ የሚገኝ ይሆናል። የመንግሥት ኦዲተር የሚመረምረው ተቈጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ነው፤ ተቈጣጣሪው ደግሞ ቍጥሩን የሚያገኘው ከነጋዴው መዝገብ ነው። የሱቁ መዝገብ ባዶ ከሆነ ከእርሱ በላይ ያሉት ሪፖርቶች ሁሉ፥ በሁለትም በሦስትም መንግሥት ቢፈረሙ፥ በአየር ላይ የተሠሩ ይሆናሉ።

ስለዚህ በነጋዴ ጽሕፈት ቤት መዝገብ የምይዝ እንደ መሆኔ መጠን የሚከተሉትን ነጥቦች አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ለእያንዳንዱ መድኃኒት ስሙን፥ የምዝገባ ቍጥሩን፥ የተሠራበትንና የሚያበቃበትን ቀን፥ የገባውን፥ የወጣውንና የቀረውን የሚያሳይ ገጽ ይከፈትለት። ቈጠራም በየሦስት ወሩ ይደረግ።

፪ኛ/ ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ ይውጣ። ለአንድ መኸር ከሚበቃው በላይ በርካሽነቱ ተታሎ መግዛት የኋላ ዕዳ ነው።

፫ኛ/ ከአስመጪ ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ «ቀኑ ከማለፉ በፊት ያልተሸጠውን አስመጪው መልሶ ይረከባል» የሚል ቃል ይግባ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚረከብ ሰው አይገኝም።

፬ኛ/ መድኃኒትን በውሃ ጠርሙስ ገልብጦ መሸጥ ወይም ባዶ በርሜሉን ለውሃና ለጠላ መሸጥ ፈጽሞ አይገባም። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፥ እጣቢውም ከሚረጨው መድኃኒት ጋር ተጨምሮ፥ ዕቃው ዳግመኛ እንዳያገለግል መበሳት አለበት።

፭ኛ/ ያገለገለ ኮምፒዩተር፥ ስልክ ወይም የፀሐይ ኃይል ባትሪ የሚያስመጣ ሰው ዕቃው የሚሠራ ለመሆኑ ተመርምሮ የተሰጠ ማስረጃ በጽሑፍ ይቀበል። ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. (ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.) ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ ሁሉ በባዝል ስምምነት መሠረት አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። «ዕቃ ነው» ተብሎ የተጫነ ቆሻሻ በወደብ ቢያዝ ኪሳራው የአስመጪው ነው።

፮ኛ/ ቀኑ ያለፈበት ሲገኝ መሸሸግ አይገባም፤ ለብቻው ተቀምጦ፥ ተጽፎበት፥ ለእርሻና ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ይገለጽ። የደብዳቤው ግልባጭም በፋይል ይቀመጥ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ያ 3,000 ቶን ግን ሳይጻፍ ተወረሰ፤ ወራሹም ዕዳውን የከፈለው የገዛው ሰው ከተረሳ በኋላ ነው። የንግድ ምክር ቤታችን አባሎች ይህ የመኸር ወራት ከመግባቱ አስቀድሞ መጋዘናቸውን ቈጥረው፥ የቀረውን መድኃኒት ከነቀኑ በመዝገብ እንዲያሰፍሩ በአክብሮት አሳስባለሁ። ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ የሚያስፈልገውም አንድ ደብተርና አንድ እስክርቢቶ ብቻ ነው።