«አባቴ፣ ነገ ና»

ገበያ የወጣ ሰው ገና ዘንቢሉን ሳያወርድ ስንት ዘመድ እንደሚያፈራ ልብ ብላችኋል? «ነይ የኔ እናት!» «ውሰድ የኔ ጌታ!» «ቅመሽው እስቲ የኔ ቆንጆ!» ሻጭና ገዢ አይተዋወቁም። ሒሳቡ ሲከፈል ዝምድናውም እዚያው ያበቃል። በዚህ የሚቀየም የለም፤ ገዢውም «ኧረ ቀንስልኝ ወንድሜ» እያለ በዚያው ቋንቋ ይከራከራልና።

አማርኛ በፍቅር መጥሪያ የታደለ ቋንቋ ነው። አሠራሩ ደግሞ ቀላል ነው። የቃሉን የመጨረሻ ፊደል ወደ ኃምስ እንለውጣለን፦ ዓለም «ዓለሜ»፣ ዓይን «ዓይኔ»፣ ሆድ «ሆዴ» ይሆናል። ሆድ የፍቅር ስም መሆኑ ሌላ አገር ሰውን ያስቀው ይሆናል። እኛ ግን ናፍቆቱንም ቂሙንም ምሥጢሩንም የምናስቀምጠው ሆዳችን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የምንወደውን ሰው በሆድ ብንጠራው ምን ይገርማል?

በቤተሰብ ውስጥ እነዚህ መጠሪያዎች ደንብ አላቸው። ታናሽ ታላቁን በባዶ ስሙ አይጠራም። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «ወንድምዓለም»፣ «እታለም» ይላል። የቤተ ክህነት አስተማሪ የሚጠራበት «የኔታ» ራሱ «የኔ ጌታ» ከማለት የመጣ ነው። እኛም ገና ሃያውን ያለፍን ተማሪዎች ለማስተማር ስንዘምት ይኸው ስም ደረሰን። የልጅ ልጅ ያዩ አባት ጥቁር ሰሌዳው ፊት «የኔታ» ይሉናል፤ ከትምህርት በኋላ ዛፍ ሥር ስንቀመጥ ደግሞ «ልጄ» ይሉናል። እኛም «አባባ፣ እዚህ ላይ ይጻፉ» እንላለን። ሁለቱም ወገን በየፊናው ይከብራል።

አሁን ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት እንግባ። ሦስት ሰዓት በእግራቸው የተጓዙ ሽማግሌ ወረቀታቸውን ይዘው ጠረጴዛው ፊት ቆመዋል። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ልጅ እግር ጸሐፊ ቀና እንኳ ሳይል «አባቴ፣ ነገ ና» ይላቸዋል።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብለን እናንብባት። ሦስት ቃላት ናት። የመጀመሪያው ቃል «አባቴ» ነው፤ ያከብራል። የመጨረሻው ግሥ ግን «ና» ነው፤ ለእኩያ ወይም ለልጅ የሚባል። ለአባት «ይምጡ» ነው የሚባለው። ስለዚህ አፉ አባት ብሎ የጠራውን ሰው ግሡ ልጅ አደረገው ማለት ነው። መካከል ላይ ያለችው «ነገ» ደግሞ የሽማግሌውን እግር የምትጨርሰው ናት። «አባቴ» የተባለው ጉዳያቸው እንዲፈጸም ሳይሆን ሳያጉረመርሙ እንዲመለሱ ነው።

«አንተ» ማለት ሁልጊዜ ንቀት ነው አንልም። እናት ልጇን «አንተ» ትላለች፤ ሰውም ሲጸልይ አምላኩን «አንተ» ይላል። ስለዚህ ግሡ ብቻውን አይፈርድም። ጠሪው ማን ነው? ያንኑ ቃል ለአለቃውስ ይለዋል ወይ? ያ ጸሐፊ የበላይ ኃላፊው ሲገባ ብድግ ብሎ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» እንደሚል እናውቃለን። አንቱታው ጠፍቶት አይደለም እኮ!

በመሥሪያ ቤት ለሴቶች ይህ ነገር ይብሳል። ወንዱ ባልደረባ «አቶ እገሌ» ተብሎ በስሙ ሲጠራ እሷ «ቆንጆ»፣ «ሚጡ»፣ «የኔ ማር» ትባላለች። አለቃው «የኔ ቆንጆ፣ ያንን ፋይል አምጪልኝ» ሲል እሷም «እሺ የኔ ቆንጆ» ብላ ብትመልስ ቢሮው ምን ይላል? ወይ ይስቃል ወይ ይቆጣል። ሳቁም ቁጣውም ቃሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ መሆኑን ይመሰክራሉ። ሁለት ሴት ሠራተኞች ሻይ ላይ «የኔ ማር» ቢባባሉ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ማንም እንዲተወው አንፈልግም። በደረቅ ስም ብቻ የሚጠራራ ሕዝብ ምን ደስ ይላል?

በ1967 ዓ.ም. «ጓድ» የሚለው ቃል ሲስፋፋ ሰውን ሁሉ እኩል ያደርጋል ተብሎ ነበር። ቃሉ እስከ 1983 ዓ.ም. ቆየ። ነገር ግን ትልቁ ጓድ «እርስዎ»፣ ትንሹ ጓድ «አንተ» መባሉ አልቀረም።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ቦታ ፆታዊ ትንኮሳን ይከለክላል። «የኔ ቆንጆ» ማለት ብቻውን ወንጀል ነው ማለታችን አይደለም። ቃሉ ያልፈቀደችውን ነገር እንድትፈቅድ መጎትጎቻ ሲሆን ግን ነገሩ ከጨዋታ ያልፋል፤ አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን ካደረገባት ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ትችላለች።

እዚያ ሳይደርስ በፊት ግን አጭር መልስ አለ፦ «ስሜ እገሊት ነው፤ በስሜ ጥራኝ።» ለዓመታት በአውራ ጣቷ ስትፈርም ኖራ ዛሬ ደመወዝ መቀበያው ላይ ስሟን ራሷ የምትጽፍ ሴት ይህን ስትል መሳደቧ አይደለም። ሽማግሌውም «ልጄ፣ ነገ ከምትለኝ ስንት ሰዓት እንደምመጣ ጻፍልኝ» ቢሉት ወረቀቷን አንብበው ይዘው ይሄዳሉ።

ለውይይት፦ በአካባቢያችሁ ታናሽ ታላቁን የሚጠራባቸውን ስሞች ጽፋችሁ አምጡ። ከነዚህ ውስጥ ለማታውቁት ሰው የማትሉት የትኛውን ነው? ለምን?