ምጣዱን ማን ሠራው?

እንጀራ በምጣድ ይጋገራል። ውኃ በእንስራ ይቀዳል፣ ጠላ በጋን ይጠመቃል፣ ቡና በጀበና ይፈላል። ሸክላ ያልገባበት ጎጆ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ የምጣዳችንን ሠሪ ስሟን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

ብዙዎቻችን አናውቅም። ይባስ ብሎ ሸክላ ሠሪን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያሉ መስደብ፣ አብሮ አለመብላት፣ ከቤተሰቡም አለመጋባት የቆየ ልማድ ነው። በምጣዷ የተጋገረውን እንጀራ እየበሉ እሷን ማራቅ ምን ይባላል? በብዙ ቦታም ሸክላ ሠሪዎች የመሬት ባለቤት አልነበሩም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅም በግሉ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲሰጠው ደነገገ። ዳሩ ግን ዐዋጅ ብቻውን ልማድን አይነቅልም። ሰው አይቶና ጠይቆ ሲረዳ ነው ልማድ የሚነቀለው።

በአዲስ አበባ፣ በልደታ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ተግባረ ዕድ የሚባል ትምህርት ቤት አለ። የተመሠረተው በ1934 ዓ.ም. ነው። ተግባረ ዕድ ማለት የእጅ ሥራ ማለት ነው። ስሙ ራሱ የእጅ ሥራ የሚማሩት ዕውቀት መሆኑን ይናገራል። ሸክላም እንዲሁ ዕውቀት ነው።

እስቲ ሥራውን እንመልከት። መጀመሪያ አፈሩ ይመረጣል፤ ይወቀጣል፤ ይነፋል፤ በውኃ ይቦካል። እንዳይሰነጠቅም አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ይጨመርበታል። በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በቀጨኔ፣ እናቶች ከእናቶቻቸው በተማሩት መንገድ ያለ መኪና በእጃቸው ይሠሩታል። ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ በደንብ ይደርቃል። እርጥቡ ወደ እሳት ቢገባ በውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ሙቀቱ 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ አፈሩ ጠባዩን ይለውጣል፤ ከዚያ በኋላ ውኃ ቢነካውም ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት «ያልተማረች» ትባላለችን?

በገበያ ገዢው ማሰሮውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማል። ስንጥቅ ከሌለው ተከራክሮ ይገዛል፤ ይሄዳል። ሠሪዋን አይጠይቅም። በዐውደ ርእይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዐውደ ርእይ ማለት ሥራ ተደርድሮ ለሕዝብ የሚታይበት ቦታ ነው። የሸክላ ተማሪዋ ከሥራዋ አጠገብ ትቆማለች። ተመልካቹ «ስንት ቀን ፈጀብሽ? ቀለሙ በምን ጠቆረ?» ይላታል። እሷም ትመልሳለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዋን ያቀረበች ተማሪ መፍራቷ አይቀርም። «ይስቁብኝ ይሆን?» ትላለች። እናትዋ በገበያ የሰማችውን ስድብ ታስታውስ ይሆናል። ሆኖም ፊቷን ሳትሸፍን በሕዝብ መካከል «ይህ የእኔ ሥራ ነው» ስትል፣ ስድቡ ኃይሉን ያጣል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ከአክሱም ዘመን የቀሩ የሸክላ ዕቃዎች ይታያሉ። ዕቃው ከሺህ ዓመት በላይ ኖሯል፤ የሠሪው ስም ግን ጠፍቷል። ከጎንደር በስተሰሜን በወለቃም የቤተ እስራኤል ሴቶች የሰውና የእንስሳ ምስል ከሸክላ ይሠሩ ነበር። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ። ስም ያልተጻፈበት ሥራቸው የማን እንደሆነ ዛሬ ማን ይነግረናል?

ስለዚህ ፊደል የቆጠረች ሸክላ ሠሪ ጭቃው ሳይደርቅ በእንስራው ቂጥ ላይ ስሟን ትጻፍ። እሳቱ ጽሑፉን ያጸናዋል። እኛም ምጣድ ስንገዛ ከዋጋው በፊት «ስምሽ ማን ነው?» እንበል።

ጥያቄዎች
1. እርጥብ ሸክላ እሳት ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል? ለምን?
2. ገበያና ዐውደ ርእይ በምን ይለያያሉ?
3. በአካባቢያችሁ ሸክላ የሚሠራው ማን ነው? ሕዝቡስ እንዴት ያያቸዋል? ተወያዩበት።