ስለ እጅ ሥራ ክብር

ሰው በያዘው ሙያ ጸንቶ እንዲተጋ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ክብር ነው። በሙያው የሚሰደብ ሰው እጁ ይዝላል፤ ልጁንም ያን ሙያ አያስተምረውም፤ ጥበቡም ከእርሱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ጉዳት ተረድተውት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ገበሬውንና ነጋዴውን በሥራው የሚሰድበውን ሁሉ ገሥጸው፣ ከዚያ ወዲያ ሲሳደብ የተገኘ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። እኒህ ንጉሥ ቀድሞ በነገሡባት በአንኮበር አጠገብ፣ በጎረቤላ የምንኖር ሁሉ ይህን ዐዋጅ ልናስታውሰው ይገባናል። ዳገቱን የሚያርሰው ገበሬ ማረሻውን ከማን አገኘው? እንጀራችን የሚጋገርበትን ምጣድስ ማን ሠራው? ታዲያ የእጃቸውን ሥራ ተቀብለን ሠሪዎቹን «ቡዳ» እያልን መሸሽ እንዴት ይገባል?

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ የእጁም ሥራ ሐዋርያነቱን አላጎደለበትም። የእኛም ጸሐፍት ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጻሕፍትን ያቆዩልን የእጅ ሠራተኞች ሆነው ነው።

ስለዚህ እኛ ካህናት የንስሐ ልጆቻችን ባለ ሙያን ሲንቁ ዝም አንበል፤ ስድቡን ኃጢአት ነው ብለን እንገሥጽ። ወላጆችም ለልጃቸው ሥራ ሲመርጡ ተሰጥዎውን ይመልከቱ እንጂ የሰውን አፍ አይፍሩ። ወጣቱም ሳይቸኩል ከመምህሩ ይማር፤ የጀመረውንም ሳይፈጽም ወደ ሌላ አይዝለል። የተከበረ እጅ አይሰንፍምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።