የቆዳ መርፌ፦ መቼ ሕክምና፣ መቼ ጉዳት?



ሠርግና ምርቃት ሲቃረብ «ፊት የሚያጠራ መርፌ» የሚል ወሬ በዶርሞቻችንም ይሰማል። እንዴት እንየው?

ቆዳን መወጋት በራሱ ሀራም አይደለም። በክልላችን ደጋማ ቦታዎች ፊት ላይ ቁንጭር ለወጣበት ሰው ሐኪሞች መድኃኒቱን ቁስሉ ውስጥ ይወጋሉ፤ ይህ ሕክምና ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ2007 እ.ኤ.አ. ማሌዥያ ላይ ስለ ውበት ቀዶ ሕክምና ሲወስን፣ እንከንንና ጉዳትን ለማስወገድ የሚደረገውን ፈቅዷል፤ ጤነኛን መልክ ለስሜት ብሎ መለወጥን ግን ከልክሏል። መርፌውንም በዚሁ ሚዛን ማየት እንችላለን።

ሁለተኛው ጥያቄ «ማን ይወጋናል?» ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረውናል፤ ሐዲሱን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። በጋራ መርፌ ሄፓታይተስ ቢ እና ኤችአይቪ ይተላለፋሉ። ንጽሕናው ያልተጠበቀ መድኃኒትም ለወራት የማይድን ቁስል ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ ከመወጋታችን በፊት እንጠይቅ፦
1. ወጊው ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ ነው?
2. መድኃኒቱ ስምና የማብቂያ ቀን አለው? በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧል?
3. አዲሱ መርፌ ዓይናችን እያየ ተከፈተ?
4. ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት ተነግሮን ፈቀድን?

በጥበበ ግዮን የምንለማመድ የሕክምና ተማሪዎችም ጓደኛ ስለለመነን ብቻ ዶርም ውስጥ ማንንም አንውጋ። «አልችልም» ማለት አያሳፍርም፤ የሰው አካል አማና ነው።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። አሚን! ወላሁ አዕለም።