ጥቁር ጭስና የወለቀች ቱቦ
(አሮጌ ፖርሽ ሲታመም ከየት እንጀምር?)

ዛሬ በትምህርት ገጻችን ተራው የሹፌሮች ነው። እህቶች ግን «ይሄ እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት፤ መጨረሻ ላይ እናንተንም የሚነካ ነገር አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ቤት ባባ የ1972 ሞዴል ፖርሽ 911 ኤስ አላቸው። ከልጆቻቸው እኩል ነው የሚወዷት። ከሙቀቱ ወራት በኋላ ስናስነሳት ቀዝቃዛ እያለች ጥሩ ሠራች፤ ሞተሩ ሲሞቅ ግን ጥቁር ጭስ መትፋት፣ ሚኒሞ ላይ መንገጫገጭ፣ ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ጀመረች። የተጠራው መካኒክ ሽፋኑን ከፍቶ አየት አደረገና «ፓምፑ አልቋል፣ ወጥቶ መታደስ አለበት» አለ። የጠራው ዋጋ የኔን የብዙ ወር ደሞዝ የሚውጥ ነው። ባባም ወደኔ ዞረው «አንተ ነህ ያበላሸኸው፣ ከደሞዝህ ይቆረጣል» አሉኝ። እኔም «አንድ ቀን ብቻ ይስጡኝ» ብዬ ለመንኩ። አገር ቤት የናፍጣ መኪና ጋራዥ ውስጥ ስለሠራሁ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አልሆነብኝም።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ከ1969 እስከ 1973 ሞዴል ያሉት 911 ኢ እና 911 ኤስ፣ በኋላም የ1973ቱ ካሬራ አር ኤስ 2.7 ካርቡራተር የላቸውም። ኮምፒዩተርም የላቸውም። ቤንዚኑን የሚመጥነው የቦሽ ሜካኒካል ፓምፕ ነው። የናፍጣ ኢንጀክሽን ፓምፕ የሚያውቅ ሰው ወንድሙን ያገኘ ያህል ነው። ስድስት ትንንሽ ፒስተኖች አሉት፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። የሚያዞረው በግራው ካምሻፍት የሚነዳ ጥርስ ያለው ቺንጊያ ነው። ኖዝሎቹ የሚከፈቱት ግፊቱ ከ15 እስከ 18 ባር ሲደርስ ነው።

ፓምፑ ውስጥ ድንች የሚመስል፣ ጎድጎድና እብጥ ያለው ብረት አለ። ነዳጅ መስጫውን ስትረግጡ ይዞራል፤ የሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ምን ያህል ቤንዚን እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። ተራራ ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን የሚቀንስ ሌላ ክፍልም አለው። ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ነገር ልብ በሉ፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ፓምፑ ቤንዚን ያበዛል። መሞቁን የሚያውቀው ከጭስ ማውጫው ማሞቂያ በቱቦ በሚመጣ ሙቅ አየር ነው። ሙቅ አየሩ ሲደርሰው ቤንዚኑን ይቀንሳል።

አሁን አስቡት። ያቺ ቱቦ ብትወልቅ ወይም ብትቀደድ ፓምፑ ሁልጊዜ «ብርድ ነው» ብሎ ያስባል፤ ሞተሩ ቢሞቅም ቤንዚኑን አይቀንስም። ውጤቱ ጥቁር ጭስ! በባትሪ መብራት ሳይ ቱቦዋ በስብሳ ከቦታዋ ወርዳለች። በሌላ ተካኋት፣ ጭሱም ጠፋ።

ቅደም ተከተሉ

ዋናው ትምህርት ይሄ ነው፦ ከቀላሉና ከርካሹ ጀምሩ፣ ፓምፑን መጨረሻ ላይ ጠርጥሩ።

1. ቤንዚኑ። ለወራት የቆመ መኪና ቤንዚኑ ይበላሻል፣ ታንኩ ይዝጋል፣ ፍልትሮው ይደፈናል። የኤሌክትሪክ ፓምፑ ድምፅ ይሰማል? ቤንዚኑስ በደንብ ይደርሳል?

2. ካንዴላዎቹ። ፈትታችሁ በተራ ደርድሯቸው። ስድስቱም ጥቁር ጥላሸት ከያዙ ቤንዚን በዝቷል። ስድስቱም ነጭ ከሆኑ አንሷል። አንዱ ብቻ ከተለየ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው፤ ካንዴላው፣ ኖዝሉ ወይም ቫልቩ ሊሆን ይችላል።

3. ሞተሩ ራሱ። የኮምፕሬሽን ልኬት፣ የቫልቭ ክፍተት (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ 0.10 ሚሊሜትር)፣ ፑንቲናና የእሳት ሰዓት። እነዚህ ሳይስተካከሉ ፓምፕ መነካካት ዕውር ድንብር ነው።

4. ዘንጎቹ። ከነዳጅ መስጫው እስከ ፓምፑና እስከ አየር መክፈቻዎቹ ያሉት ዘንጎች ላልተዋል? ተጣመዋል? አየርና ቤንዚን እኩል ካልተራመዱ ሞተሩ ይተናነቃል።

5. የሙቅ አየር ቱቦዋ። ታሪኳን ሰምታችኋል።

6. አንዱ ሲሊንደር ካልሠራ፣ የኖዝሉን ቀጭን ብረት ቱቦ በጣት ነካ አድርጉ። ምት ምት ካለ ፓምፑ ይልካል።

7. እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ብቻ ፓምፑን ወደሚያውቅ ሰው። የፓምፑን ብሎኖች በግምት አትጠምዝዙ፤ የነበረበት ቦታ ከጠፋ መመለሻው ውድ ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ቤንዚን ሲበዛ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርድና ያቀጥነዋል። መለኪያውን አሽቱት፤ ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱን ቀይሩ፣ አለዚያ ሞተሩ ይበላል። የዚህ መኪና ዘይት ደግሞ የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ ሚኒሞ ላይ እየሠራ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ነው። ጠፍቶ እያለ ለክቶ «ጎደለ» ብሎ የሚጨምር ሰው መኪናዋን በዘይት ያጥለቀልቃታል፣ ጥፋቱም የሹፌሩ ይሆናል።

እህቶች፣ ይሄ የናንተ ነው

ብዙዎቻችሁ ከጋራዡ ጎን ባለች ክፍል ትተኛላችሁ። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ተስቦ በበር ሥር ይገባል። ቤንዚን ከሸተታችሁ ክብሪት አትጫሩ፣ ጋዝ አትለኩሱ፣ መብራት አታብሩ አታጥፉም። በር ክፈቱና ውጡ፣ ከዚያ ለቤቱ ሰው ንገሩ። «ዝም በይ» ቢሏችሁም እዚያ ክፍል አትተኙ። በቤንዚን የራሰ ጨርቅም ከልብስ ጋር ማሽን ውስጥ አይገባም።

ለሁላችንም የሚሆን ደግሞ፦ ደብተር ያዙ። መኪናዋን ማን ነካት፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ተባለ፣ ስንት ተከፈለ፣ ጻፉት። ማንበብ የማትችሉት ወረቀት ላይ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብላችሁ አትፈርሙ። እኔን ያዳነኝ እውቀቴ ብቻ አይደለም፤ «ቀዝቃዛ እያለች ደህና ነበረች፣ ስትሞቅ ነው የምታጨሰው» ብዬ በቀኑ መጻፌም ነው። መልሱ እዚያችው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበረ።

ባባ ይቅርታ አላሉኝም። የወሩ መጨረሻ ላይ ግን ደሞዜ ሙሉውን መጣ፣ የመኪናዋም ቁልፍ እኔ ጋ ቀረ። እኔም ሆዬ የወለቀችውን ቱቦ አልጣልኳትም፤ ሻንጣዬ ውስጥ አለች።